ሩጪለት

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት ነጠላዋን አደግድጋ ዳገቱን ስትሮጥ አየሁ፤ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ታናሽ ወንድሜ ልቡን ታሞ ከወልዲያ ሆስፒታል በአይሱዙ በተመለሰ ሰሞን፣ የነፍስ አባታችን እናቴን «ልጄ፣ ሩጪለት» አሏት፤ ሌላ ሐኪም ፈልጊለት ማለታቸው ነበር። እሷ ግን በየማለዳው ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ዳገቱን ትሮጥ ጀመር።

«ኧረ እንዲህስ አላልሁሽም!» አሉ አባ ደንግጠው።

«ያንንም ሮጫለሁ፣ አባ። ቁጭ ስል ነው የሚጨንቀኝ።»

ወንድሜ ከተኛበት መደብ «የት ደረሰች?» ይለኛል። ደጅ ቆሜ፣ ነጠላዋ ተራራው ላይ ሲነጣ አፌን ከፍቼ እያየሁ፣ «ገደሉ ጋ» እለዋለሁ። አብሯት እንደሚሮጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። «ደረሰች» ስለው ያርፋል።

ዛሬም ሴትዮዋ ጫፉ ላይ እስክትወጣ ቆሜ ጠበቅሁ። «ደረሰች» አልሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።