የሹፌሩ አጋዘን

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ተሳፋሪዎቹ «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የዚህ ሰውዬ አውቶቡስ ግን እግር ሳታወጣ ልታረጅ ነው» እያሉ ይስቁበት ነበር። በዚያው «ጋሽ እንቁላል» ተብሎ ቀረ። እሱ አይከፋውም። ያሳፈርኩትን ሁሉ በጤና አውርጃለሁ፣ ሌላው ወሬ ነው ይል ነበር።

ቀን የጎደለበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እሱና ሚስቱ የታመመች እህቷን ሊጠይቁ ከጓደኛው በተዋሳት ትንሽ መኪና በጫካው መንገድ ሲያልፉ፣ አንዲት እንስት አጋዘን ከዛፎቹ መሃል ብቅ አለች። ፍሬን ሲይዝ ጊዜው አልፎ ነበር። መኪናዋ አጋዘኗን ገጭታ ከግንድ ጋር ተላተመች። እሱ ክንዱ ተጫጫረ፤ ሚስቱ ግን ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ መሪ መያዝ አቃተው። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ቁልፉን ሊያዞር ሲል ላብ ያጠምቀዋል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተወው። መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረችው። እሷም የእናቷን ልብሶች ለመሰብሰብ መጥታ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ለባዳው ሁሉ ስትጠነቀቅ ኖረህ፣ ለእሷ ጊዜ ምን ነካህ?» አለችው። እሱ መልሱን እያወቀ በሩን ብቻ ከፍቶ ያዘላት። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ደጁን አልረገጠችም።

የአጋዘኗን ቆዳ የጫካ ጠባቂዎቹ ለእንስሳት ሙዚየም መስጠታቸውን አደጋውን ከመረመረው ትራፊክ ፖሊስ ሰማ። ለሳምንታት ሲያመነታ ከርሞ አንድ ቀን ወደዚያ ሄደ። ምድር ቤት፣ ረጅም ጠረጴዛና የጨው ጆንያ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ የሞተ እንስሳ ቆዳ ሞልታ ሕያው የምታስመስል ባለሙያ አገኘ። ፀጉሯ የሸበተ፣ ወፍራም ሽርጥ የታጠቀች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ሥራውን መማር እንደሚፈልግ ነገራት እንጂ ማንነቱን አልነገራትም። ጡረታ የሰለቸው ሽማግሌ መሰላት።

«ቢላ ይዘው ያውቃሉ?» አለችው።

«ሽንኩርት ለመክተፍ።»

«እሱም አንድ ነገር ነው» ብላ ሽርጥ ወረወረችለት።

መጀመሪያ የሰጠችው ብል የበላው፣ ለምንም የማይሆን የአጋዘን ቆዳ ነበር። በእሱ ላይ ሥጋና ስብ መፋቅ ተማረ። መሪ የለመደ እጁ ቢላውን አጥብቆ እየያዘ ቆዳውን ይበሳዋል፤ እሷም ቀዳዳ በመርፌ ይሰፋል፣ ፀጉሩ ከረገፈ ግን ማንም አይመልሰውም፣ ጨው አይሰስቱ ትለዋለች። ከሁሉ ያስቸገረው ጆሮ ነው። የጆሮውን ቆዳ ከልስልሱ አጥንት አላቆ እንደ ካልሲ መገልበጥ ነበረበት፤ ሁለቱንም ቀደዳቸው። ማታ ቤቱ ሲገባ እጁ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ጎረቤቶቹ ሰውዬው አእምሮው ተነካ ብለው አሙት። የሰው አፍ አይዘጋም ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

በአምስተኛው ወር ባለሙያዋ በጨው የደረቀ አንድ ጥቅል ቆዳ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። መኪና የገጫት አጋዘን መሆኗንና ትከሻዋ ላይ የተቀደደውን በደንብ መስፋት እንዳለበት ነገረችው። እሱ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመ፤ ቀጥሎ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«የገጨኋት እኔ ነኝ» አላት። «ሚስቴ አብራኝ ነበረች።»

ባለሙያዋ የአደጋውን ወሬ ሰምታው ነበር። ብዙ አልጠየቀችውም። ውሃ ቀድታ ሰጠችው፤ ቆዳውን መልሳ ልትጠቀልል ስትል እጇን ያዘ።

«ይተዉት። እኔው ልሥራት።»

ሁለት ወር ፈጀበት። ቆዳውን ዘፈዘፈው፣ ፋቀው፣ አለፋው፤ ከጠንካራ ስፖንጅ በተጠረበ የአጋዘን ገላ ላይ አልብሶ ሆዷን በጥቃቅን ስፌት ሰፋ። ትከሻዋን ሲሰፋና ሲፈታ ሦስት ቀን ዋለ። ዓይኗ ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ቆመ። የብርጭቆውን ዓይን አስገብቶ ዙሪያውን በሸክላ አፈር ያበጃል፣ ያፈርሳል፣ ደግሞ ያበጃል።

«አተያየቷ እንዴት ነበር? ደንግጣ ነበር?» አለችው ባለሙያዋ።

«አላየኋትም።»

ባለሙያዋ አተኩራ ተመለከተችውና ወደ ሥራዋ ዞረች። የዓይኑን ሽፋን በመጨረሻ እሷው አስተካከለችለት።

ቆዳው እንዳይሸበሸብ በስፒል ተወጥሮ ሲደርቅ ልጁ ወደ ሙዚየሙ እንድትመጣ በጎረቤት በኩል ላከባት። ትመጣለች ብሎ አልጠበቀም። በማግስቱ ግን በምሳ ሰዓት፣ የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጣች። ባለሙያዋ ነገሩ ገብቷት ወጣች። ልጅቷ አጋዘኗን ዞራ ዞራ አየቻት።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።» እጁን በሽርጡ ጠራረገ። «እናትሽ ‹ውይ፣ እያት እንዴት እንደምታምር!› አለች። እኔ ግን ዞሬ እናትሽን አየሁ። ፊቷ እንደዚያ ሲፈካ ካየሁ ቆይቶ ነበር። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። መንገዱን አላየሁም፣ ልጄ።»

ልጅቷ የአጋዘኗን ትከሻ ስፌት በጣቷ ዳሰሰች።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«እሷን ሳይ ገደልኳት ብዬ እንዴት ልንገርሽ?»

ልጅቷ ባለሙያዋ የተወችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ በጋዋኗ እጅጌ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እሱ ሊያቅፋት ተነሣ፤ ግን ይፈቀድልኝ ይሆን ወይ ብሎ መሃል ላይ ቆመ። ስታበቃ ተነሥታ ክንዱን ጨበጥ አደረገችው። ሥራ አለብኝ ብላ ሄደች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ እሱም አልጠየቃት።

አጋዘኗ ፎቅ ላይ፣ ሕፃናት የሚጎበኙበት ክፍል ገባች። ክፍሉ በተመረቀ ቀን ባለሙያዋ እንዲመጣ ለመነችው፤ እምቢ አለ። አሁን የእሷ ረዳት ሆኖ ይሠራል፤ ጆሮም ሳይቀድ ይገለብጣል። ልጁ በወር አንዴ ወደ ሙዚየሙ ብቅ ትላለች። ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጫወታሉ። የእናቷን ስም የሚጠራ የለም። ስትሄድ እስከ በር ይሸኛትና ወደ ምድር ቤት ወርዶ መፋቁን ይቀጥላል።