ድንጋይ ያስለቀመ ደብዳቤ

ፊደል የቆጠርኩት ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ለዚህም ይሆናል በተጻፈ ነገር ላይ ምሕረት የለኝም። ሰቆጣ ባለው የውሃ መሥሪያ ቤታችን እኔ ሳላርመው ደብዳቤ አይወጣም፤ ባልደረቦቼም አራት ነጥብ ሲጎድል እራት የጎደለባት ትመስላለች እያሉ ይስቁብኛል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰቆጣ ሲደርስ ኃላፊያችን ደብዳቤ ማርቀቂያ አደረገው። ጉዳዩን በሁለት መስመር ይነግሩታል፣ እሱ ሙሉ ደብዳቤ ያወጣል፤ እኔ አርሜ ግርጌው ላይ አጭር ፊርማዬን አኖራለሁ። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። የእኛ ደብዳቤ ትእዛዝ ትእዛዝ ይላል፤ የእሱ ሰው ያከብራል።

ከዞናችን ከዝቋላ ወረዳ የአንድ መንደር የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆኑ ሽማግሌ፣ የተበላሸው የእጅ ፓምፕ እንዲጠገንላቸው አመልክተው ነበር። መልሳችን ጥያቄዎ ተመዝግቧል ከማለት ማለፍ አልነበረበትም። ማሽኑ ግን ስለ ድካማቸው አመስግኖ፣ ችግራቸው እንደሚሰማን ገልጾ፣ «በቅርቡ ባለሙያዎቻችን ይመጣሉ» ብሎ ዘጋው። እኔ ሁለት ነጠላ ሰረዝ አስተካክዬ ፈረምኩ።

ከአንድ ወር በኋላ ሽማግሌው አቧራ ለብሰው መጡ። ደብዳቤው በሕዝብ ፊት ተነቧል። መንደሩ ወጥቶ መኪና የሚገባበትን መንገድ ጠርጓል፤ ድንጋይና አሸዋ ለቅሞ ከጉድጓዱ ዳር ከምሯል። መኪናው ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። አሁን ሰው እሳቸውን ዋሾ ማለት ጀምሯል። ሴቶቹ ከወንዝ ሲመለሱ ጀሪካናቸውን በእሳቸው ደጃፍ አሳርፈው፣ እንግዶችዎ ገቡ ወይ እያሉ ይጠይቋቸዋል።

ባለሙያ እንዳልተመደበ፣ ያንንም የጻፈው ማሽን እንደሆነ ነገርኳቸው። በኽምጣኛ ቅላጼያቸው ቀስ ብለው፣

«አንቺስ አላነበብሽውም?» አሉኝ።

«አንብቤዋለሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ያንቺ ነዋ።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። «ፓምፑን እንጠብቃለን፣ ለምደነዋል» አሉ። «እኔ እንዳልዋሸሁ ግን ጻፊልኝ።»

ማሽኑን አልከፈትኩትም፤ በእጄ ጻፍኩ። ባለሙያ ሳይመደብ ይመጣል ያልነው እኛ ነን፣ ጥያቄው ገና ተራ እየጠበቀ ነው፣ ጥፋቱም የእኛ እንጂ የሰብሳቢው አይደለም። ኃላፊያችን ቅር እያለው ፈረመ፤ ማኅተም አረፈበት። የሰብሳቢው አይደለም የሚለውን መስመር ሽማግሌው ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ።

የፊተኛውን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዳያሳስት እንዲመልሱልኝ ጠየቅኳቸው። ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አዩትና መልሰው ከተቱት።

«ይሄስ ይቆይልን» አሉ። «እንዲህ አክብሮ የጻፈልን የለም።»

ለአፍታ ብቻ ይስጡኝ ብዬ ተቀበልኳቸው። ይመጣሉ የሚለውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዝኩና አጠገቡ ፈረምኩ። ምስጋናውን አልነካሁትም። ከአዲሱ ጋር አጥፌ በአንድ ፖስታ ሰጠኋቸው።