የእትዬ አላልኩም ወንድም

ጋዜጣው ቢሮ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ዋና አዘጋጁ ሁሉም «ሞንጫሪው» ይሉታል፤ እሱም ሳይከፋው «አቤት» ይላል። የተቀጠረው ግን በአራሚነት ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሌሎችን ስህተት ሲለቅም ይውላል። ችግሩ፣ ባዶ የወረቀት ጠርዝ ካየ እጁ አርፎ አይቀመጥም። የስፖርት ዘጋቢውን ከነቦርጩ፣ ታይፒስቷን ከነመነጽሯ ጫር ጫር አድርጎ የታረመውን ገጽ ሲመልስ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ለመጨረሻው ገጽ የታሰበ የሳሙና ማስታወቂያ ቀረ። ገጹ ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ክፍተት አፉን ከፍቶ ቁጭ አለ። ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው። ሲጨንቃቸው ጆሯቸው የሚቀላው ሽማግሌው ዋና አዘጋጅ ወደ ሞንጫሪው ጠረጴዛ መጡ።

«ያን የምትሞነጫጭረውን ነገር እዚህች ላይ ሙላልኝ። ግማሽ ሰዓት አለህ።»

«ምን ልሣል ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ ሰው አታስቀይም።»

አራት ሳጥን አሰመረና ፈዝዞ ቀረ። ወደ ጆሮው የመጣው የእህቱ ድምፅ ብቻ ነው።

እናታቸው ስትሞት እሱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እህቱ እታለም አሥራ ስምንት ሞልቷታል፤ የሠርጓም ቀን ተቆርጧል። ቀኑ መጣና አለፈ፤ ሌላ ቀንም አልተቆረጠም። ሳሎኑ ጥግ የስፌት መኪናዋን ተክላ፣ የሰው ልብስ እየሰፋች ወንድሟን አሳደገች። ጃንጥላ ረስቶ ሲበሰብስ፣ ሮጦ ሲወድቅ፣ ትኩስ ሾርባ ምላሱን ሲልጠው፣ ግራ እጇን ወገቧ ላይ ጣል ታደርግና «አላልኩም?» ትለዋለች።

እናም ወገቧን የያዘች ክብ ሴትዮ ሣለ። በመጀመሪያው ሳጥን ባሏ መደርደሪያ ሲሰቅል «ይወድቃል» ትላለች። በሁለተኛው ባልየው ይስቃል። በሦስተኛው መደርደሪያው ንቅንቅ አላለም፤ ሴትዮዋ ቅር ብሏታል። በአራተኛው ራሷ ክርኗን ስታስደግፍበት ይወድቅባትና ከፍርስራሹ ሥር «አላልኩም?» የሚል ድምፅ ይሰማል።

በማግስቱ የቢሮው ስልክ ሲጮህ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣው «እትዬ አላልኩም» ሳትኖርበት ወጥቶ አያውቅም። ሰዉ ጋዜጣውን ከኋላ ገጽ ጀምሮ ማንበብ ለመደ።

እታለም ብቻ አላወቀችም። ጋዜጣ አታነብም፤ ወንድሟ ያመጣላትን አሮጌ ጋዜጣ የልብስ ልክ ማውጫ ታደርገዋለች። እሱም የኋላውን ገጽ እየገነጠለ ነበር የሚያመጣላት። በአራተኛው ዓመት አንዱን ረሳ። የደንበኛ እጅጌ ስትቆርጥ መቀሷ ሴትዮዋ ጋ ደርሶ ቆመ።

ከሥራ ሲገባ ቁራጩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቀው።

«ይቺ ማናት?»

«ማንም አይደለችም። ከጭንቅላቴ ያወጣኋት ናት።»

«በግራ እጇ ነው ወገቧን የያዘችው።»

አልጮኸችም፤ ያ ነው ያስፈራው። ለአሥራ አንድ ቀን ምግቡን ከድና ከማስቀመጥ በቀር ቃል አልተነፈሰችም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሆን ብሎ ጃንጥላውን ቤት ትቶ ወጣ። ውሃ እየተንጠባጠበ መጣና ፊት ለፊቷ ተገተረ። ፎጣ አቀበለችውና ወደ ስፌቷ ዞረች። «አላልኩም?» የሚለውን ያን ቀን የናፈቀውን ያህል ምንም ነገር ናፍቆ አያውቅም።

በማግስቱ በሥዕሉ ላይ እትዬ አላልኩምን ሻንጣ አስይዞ አውቶቡስ ላይ አሳፈራት። «በቃኝ» ሲላቸው የዋና አዘጋጁ ጆሮ ፍም መሰለ። የአንባቢ ደብዳቤ በጆንያ መጣ። «መልሷት!» የማይል አልነበረም።

በሳምንቱ እታለም ወሬውን ከደንበኞቿ ሰምታ፣ የክት ልብሷን ለብሳ ቢሮው በር ላይ ቆመች።

«ለምን ሰደድካት?»

«ሳቁብኝ ብለሽ አዝነሽ ነዋ!»

«ይሳቁ! የሰውን መሳቅ ማን ጠላ? ባል ሰጠሃት። እሱ ነው ያናደደኝ። ለኔ አዝነህልኝ ነው አይደል?»

ሞንጫሪው እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እውነቷን ነበር። እህቴ በኔ ምክንያት ሳታገባ ቀረች የሚለውን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ይዞት ኖሯል። በእጁ የነበረው እርሳስ ስለሆነ፣ በእርሳሱ ባል ሰጣት።

«ያን ሊያገባኝ የነበረውን ሰውዬ እኮ መጀመሪያውኑም አልፈለግኩትም» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲያወራ ሰው አያስወራም። እምቢ የምልበት ምክንያት አጥቼ ስጨነቅ አንተ ተረፍክልኝ። ‹ልጅ አለብኝ› ብዬ ተገላገልኩ። አንተ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘመን ዕዳዬ ነው ብለህ ተሸክመኸዋል? ሞኝ!»

አንገቱን ደፍቶ እንባውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። የስፖርት ዘጋቢው ድንገት የሚፈልገው ነገር እንዳለው ሰው ከመሳቢያው ጋር መታገል ጀመረ።

«በል መልሳት» አለች እታለም። «ባልየውን አባርረውና የስፌት መኪና ስጣት። ሥራ ፈት አታስመስለኝ።»

እትዬ አላልኩም በዚያው አውቶቡስ ተመለሰች፤ የስፌት መኪናዋን በጭንቅላቷ ተሸክማ። ባልየው የት እንደገባ ለጠየቁ ሁሉ በአንድ ሳጥን ተመለሰላቸው፦ «አላስወራ ስላለኝ ነው።» ከዚያ በኋላ የቀልዱን ግማሽ የምታመጣው እታለም ሆነች። ደንበኞቿ ለልክ ቆመው የሚያወሩት ወሬ በሦስተኛው ቀን ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ እነሱም ስለ ጎረቤታቸው መስሏቸው ይስቃሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ዓመት ሄደ። የሽማግሌውን ወንበር ሌላ አዘጋጅ ያዘው። የሞንጫሪውም እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክቧ ሴትዮ እንደበረዳት ሰው ጠርዟ ተርገበገበ። አንዲት አንባቢ «እትዬ ታመዋል እንዴ?» ብላ ጻፈች።

ደብዳቤውን ለእታለም አነበበላት። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋችና የእጁን አንጓ ከሥር ደግፋ ያዘች። «ቀስ ብለህ ሂድ» አለችው። መስመሩ ቀጥ አላለም፤ ግን ደረሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ አራቱን ሳጥን በሁለት እጅ ሲሞሉ ከረሙ።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ ቀን ጡረታ ወጥቶ ሥራውን በሰላም አስረከበ። ሰኞ ፀሐይ በየአልጋቸው እስክትደርስ ተኝተው አረፈዱ። ቁርሳቸውንም በአራት ሰዓት በሉ፤ ሁለቱም እንዲህ አርፍደው አያውቁም ነበርና እንደ ጥፋተኛ እየተያዩ።