ይማርሽ የማያሳልፍ ግድግዳ

ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው «ድምፅ እለካለሁ» ስለው ሬዲዮ ጣቢያ የምሠራ ይመስለዋል። አይደለም። አንድ ግድግዳ፣ በር ወይም ወለል ከወዲያ ማዶ ያለውን ጫጫታ ምን ያህል እንደሚያስቀር ሳይሠራ በፊት በስሌት እገምታለሁ፤ ከተሠራ በኋላ ደግሞ በመሣሪያ እለካለሁ። ለሆቴልና ለሆስፒታል ስገምት ብዙም አልሳሳትም። የተዋረድኩት በገዛ እናቴ ቤት፣ ቀጨኔ ውስጥ ነው።

ላገባ ስል እናቴ ቤቷን ለሁለት ከፍዬ አጠገቧ እንድኖር ለመነችኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። እጮኛዬ እናቴን ትወዳታለች፤ ችግሯ ሌላ ነው።

«እኔ ስናደድ ጮኬ ነው የምናደደው» አለችኝ። «አማቴ ከጎን እየሰማችኝ ልጇን ልሳደብ? ወይስ አፍኜው ልፈንዳ?»

«አትሰማሽም። ግድግዳውን የማሠራው እኔ ነኝ።»

«ከሰማችኝ ግን ሰፈር እንቀይራለን። ከከተማው ወዲያ ጫፍ ኮንዶሚኒየም እንከራያለን።»

ተስማማን። ይህን ውል እናቴም ታውቀዋለች፤ እጮኛዬ ራሷ፣ በአክብሮት፣ ነግራታለች።

ግድግዳው ባለ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ሆነ፣ በሁለቱም በኩል ወፍራም ልስን። ክብደቱን አስገብቼ አሰላሁ። ከባድ ግድግዳ በድምፅ በቀላሉ አይንቀጠቀጥም፤ የማይንቀጠቀጥ ግድግዳ ደግሞ ወሬ አያሳልፍም። ውጤቱ አኮራኝ። እጮኛዬን ግድግዳው አጠገብ አቁሜ «እዚህ ሆነሽ ብትጮኺ እናቴ የምትሰማው ዝንብ ያለፈች ያህል ነው» አልኳት።

አንድ ነገር ግን ነበር። ኮርኒሱን አባቴ በገዛ እጁ የመታው ስለሆነ እናቴ አንድ ሚስማር እንኳ እንዲነቀል አልፈቀደችም። ስለዚህ ግድግዳው ኮርኒሱ ድረስ ወጥቶ ቆመ። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው ባዶ ቦታ እንደ ድሮው ለሁለቱም ቤት የጋራ ሆኖ ቀረ። እኔም ስሌቴ ውስጥ ግድግዳውን እንጂ ኮርኒሱን አላስገባሁም። ቀጭን ቺፕውድ ነው፣ ምን ያመጣል ብዬ።

የሠርጉ ሆይ ሆይታ ካለፈ በኋላ ከቢሮ መሣሪያ ተውሼ መጣሁ። ልኬቱ ቀላል ነው። በአንደኛው ክፍል ትልቅ ስፒከር አስቀምጠህ ሽሽሽ የሚል ኃይለኛ ድምፅ ትለቃለህ፤ የድምፁን መጠን እዚያም እዚህም ትለካለህ፤ ልዩነቱ ግድግዳው ያስቀረው ነው። ባለቤቴን እኛ ክፍል ስፒከሩ አጠገብ አቁሜ እኔ መለኪያዬን ይዤ እናቴ ሳሎን ገባሁ። እናቴ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣለች። «በይ ልቀቂው!» አልኩ። ባለቤቴም ሰምታ ለቀቀችው። መስማቷ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

ያ ድምፅ ልክ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ ነው። እናቴ «በስመአብ፣ ስጤ!» ብላ ከሶፋዋ ተስፈንጥራ ወጣች። ጓሮ በርበሬ አስጥታ ነበር። ተከትያት ስወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ስጥ ያፍሳል፣ ልብስ ከገመድ ያወርዳል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዷ ጎረቤታችን ባዶ ሰማይ እያየች አማተበች።

ስፒከሩን አስጠፍቼ እናቴን ወደ ሳሎን መለስኳት፤ ያፈሰችውን በርበሬ በሰፌድ እንደያዘች ገባች። መለኪያው ያሳየኝን ቁጥር አልናገርም። ለመጋረጃ ጥሩ ነው፣ ለግድግዳ ግን ነውር ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል እያልኩ ስነካካው፣ ከማዶ የልስኑ አቧራ ባለቤቴን አስነጠሳት።

«ይማርሽ!» አለች እናቴ ከሶፋዋ።

«ያኑርልኝ እማማ!» አለች ባለቤቴ ከወዲያ።

ባለቤቴ ዞራ መጥታ የሳሎኑን በር ከፍታ አየችኝና «ቤት ልፈልግ?» አለችኝ። እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ በርበሬዋን መልቀም ጀመረች፤ ቀና አላለችም።

ጥፋተኛው ኮርኒሱ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ድምፁ ከግድግዳዬ ጋር ምን አታገለው? በእኛ ኮርኒስ ወጥቶ፣ በግድግዳው አናት ተሻግሮ፣ በእናቴ ኮርኒስ ይወርዳል። በማግስቱ ቅዳሜ ከጣሪያው ቆርቆሮ አስነስቼ፣ የአባቴን ሚስማር ሳልነካ፣ ግድግዳውን በቺፕውድ እስከ ጣሪያው አስቀጠልኩት። የቀረውን ክፍተት በአሮጌ ፍራሽ ጥጥ ወተፍኩ። እንደገና ገመትኩ። አሁን ምንም አያልፍም።

መሣሪያው ግን ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል። ባለቤቴ ደግሞ እስኪመለስ የምትጠብቅ ዓይነት አይደለችም።

«በጆሮዬ ላረጋግጥልሽ» አልኳት።

«ያንተ ጆሮ ላንተ ያደላል።»

ስለዚህ መኝታ ቤታችን ተቀምጠን፣ ድምፃችንን እንኳ ዝቅ ሳናደርግ፣ አዲስ ዘዴ ነደፍን። እናቴ ማስነጠስ ሰምታ «ይማርህ» ሳትል የቀረችበት ቀን የለም። ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ያስነጠሰ የማታውቀውን ሰው ይማርህ ትላለች። የቴሌቪዥን ዜና አንባቢውንም። አንዴ ድመትን ሳይቀር «ይማርሽ» ብላለች። እንግዲህ ባለቤቴ ታስነጥሳለች፤ እናቴ ይማርሽ ካለች ግድግዳው ያሳልፋል፣ ካላለች አያሳልፍም። የቢሮው መሣሪያ ራሱ የዚህን ያህል አይታመንም። ለእናቴ ግን እንዳይነገራት ተስማማን፤ እየተፈተነ መሆኑን ያወቀ ጆሮ ልኬት ያበላሻል።

ባለቤቴ የተፈጨ በርበሬ አሸተተች። ምስኪን፣ ቤቱ እስኪናወጥ አስነጠሰች። ከወዲያ ጸጥ። ደገመች። ጸጥ። በሦስተኛው እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። እየሮጥኩ ሳሎን ስገባ እናቴ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ተቀምጣለች። «በረደሽ እንዴ?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ባለቤቴ ዕቃዋን ከካርቶን አወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደልቧ ጮኸች። «ግንድ!» ተባልኩ። «ደረቅ!» ተባልኩ። ካልሲዬን ወለል ላይ በተውኩ ቁጥር አስተዳደጌ ሳይቀር ተነሳ። እኔም የግድግዳዬን ጥራት እያደነቅኩ እሰደባለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት እናቴ በራችንን አንኳኳች። ሎሚና ደረቅ ዳቦ ይዛለች። በቀጥታ ወደ ባለቤቴ ሄደች።

«ሎሚውን አሽትቺው፣ ማቅለሽለሹን ይይዝልሻል። ዳቦውን ደግሞ ከአልጋ ሳትወርጂ ነው የምትቀምሺው።»

«የምን ማቅለሽለሽ?» አልኩ እኔ።

ሁለቱም ግንድ እንደሚያይ ሰው አዩኝ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ለማንም አልተናገርኩም» አለች ባለቤቴ። «ለእሱም ገና ነው። በምን አወቁ?»

እናቴ ምን እንዳደረገች የገባት አሁን ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ጠዋት ጠዋት ሲያስመልስሽ እሰማለሁ» አለች ከነጠላው ሥር።

«እና... ስድቡስ?»

«ሁሉንም። ስለ ካልሲው ያልሽው ልክ ነው። አስተዳደጉ ግን የአባቱ ጥፋት ነው።»

«በርበሬ ያሸተትኩ ዕለትስ?»

«ስትመካከሩ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ይማርሽ ብል ትሄዱብኝ የለ? ነጠላዬን ነክሼ ተቀመጥኩ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሰው አስነጥሶ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ፣ ልጄ! ለንስሐ አባቴ ሁሉ ተናግሬዋለሁ። በይ አሁን፣ ለዚያን ቀኑ ሁሉ፣ ይማርሽ።»

ባለቤቴ ለመመለስ አፏን ከፈተችና አለቀሰች። «ያኑርልን እማማ» አለች ኋላ ላይ፣ ሎሚውን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች።

አባት ልሆን መሆኑን የሰማሁት በዚህ መሐል ነው። ደስታው አላስቀምጥ አለኝ። መሰላል ላመጣ ተነሳሁ። ጥጡ የቱ ጋ እንደተሸበሸበ ካየሁ ግድግዳው ይስተካከላል።

«ወዴት ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ቀዳዳውን ልድፈን።»

«አንተ ግንድ!» አለችኝ፣ እናቴ ፊት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ተቀመጥ። እማማ ካልሰሙት፣ ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ አንተ ልትሰማ ነው?»