ቀንድ አውጣ በአባቴ መዳፍ

ሥራዬ ቀንድ አውጣ ማጥናት ነው። ፍኖተ ሰላም ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ይህን ሲሰሙ፣ “እሱ ደግሞ ምኑ ይጠናል?” ብለው ሳቁ። ሌላውን ሥራዬን አልነገርኳቸውም፤ ማንም በፈቃዱ እየገባ በሚጽፍበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ ቀንድ አውጣ በአማርኛ እጽፋለሁ። የጀመርኩት “ቀንድ አውጣ” ብዬ ስፈልግ ሁለት መስመር ብቻ ስላገኘሁ ነው። አንዱ መስመር ደግሞ ስሕተት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጽሑፉን አሰፋሁት፤ ስለ ዛጎሉ፣ ስለ አተነፋፈሱ፣ በግ ስለሚፈጀው የጉበት ትልም ጻፍኩ። ትሉ በግ ሆድ ከመግባቱ በፊት የሚያድገው ጨፌ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ ከአባቴ የሰማሁትን ጨመርኩበት፦ በቡሬ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ክረምቱ ወጥቶ ጨፌው እስኪደርቅ በግ አያሰማሩበትም።

በማግስቱ አንድ የማላውቀው ጸሐፊ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ሰርዞ “ምንጭ የለውም” ብሎ ጽፎልኛል። ተናደድኩ። ግን ልክ ነው፤ ደንቡ የታተመ ማስረጃ ይጠይቃል፤ እኔም በዚሁ ደንብ የስንቱን ሰርዣለሁ።

ቡሬ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ስሄድ ለአባቴ ነገርኳቸው።

“ምንጭ የለውም አሉሽ?”

“አዎ፣ አባዬ።”

“ምንጩማ ከጓሮዬ በታች ነው። መጥተው ይጠጡ!”

ሳቅን። ቆየት ብለው ግን ኮስተር አሉ። “እኔስ ብሆን ምንጭ አልሆንም?”

“እርስዎ የነገሩኝ በመጽሐፍ አልወጣማ።”

“ታዲያ ካንቺ ምን ይቀበሉሻል?”

“ፎቶ። ራሴ ያነሣሁት ከሆነ ይቀበላሉ።”

ጫማቸውን አውልቀው ወደ ጨፌው ወረዱ። ቄጠማውን ገለጥ ገለጥ አድርገው አንድ ቀንድ አውጣ አገኙና መዳፋቸው ላይ አኖሩት። ዛጎሉ ውስጥ ተሸጉጧል። “አትቸኩይ፣ ይወጣል” አሉኝ። ቆመን ጠበቅነው። ቀንዱን ሲያወጣ ፎቶ አነሣሁት፤ ማንም እንዲጠቀምበት ፈቅጄም ጽሑፉ ላይ ለጠፍኩት።

ከወራት በኋላ አባቴ ደወሉልኝ። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ የእንስሳት ሐኪሙ ስለ ጉበት ትል ሲያስረዳ አንድ ፎቶ አውጥቶ አሳየ። አባቴን ድሮ ማጭድ የቆረጣቸው ጣታቸው ላይ ጠባሳ አለ፤ ያው ጠባሳ ፎቶው ላይ ይታያል።

“ብድግ ብዬ ‘ያ እጅ የእኔ ነው’ ብል ሰዉ ሁሉ ሳቀ” አሉኝ።

“ሐኪሙስ?”

“ጣቴን ከፎቶው ጋር አስተያየና እሱም ሳቀ። ‘በሉ ጨፌውን ያሳዩኝ’ ብሎ እቤት ድረስ መጣ። እስኪመሽ ስለ በጎቹ ስንጫወት ቆየን።”

ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ይሰማ ነበር። እኔም ደስ አለኝ።

የተሰረዘችው ዓረፍተ ነገር አልተመለሰችም። አሁን የምጽፈው በየአጥሩ ሥር ስለሚኖር ሌላ ቀንድ አውጣ ነው፤ የራሱ የሆነ የአማርኛ ስም ግን እስካሁን አላገኘሁለትም።