ከቆርቆሮው ሥር የተሰቀለው ማይክ

ባለፈው ሳምንት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ሳለ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። አዳማ በኅዳር ደረቅ ናት። ነፋሱ አቧራውን ከመንገድ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ መንገድ ሲያመላልስ ይውላል።

«ወይዘሮ ሰብለ ነዎት? ድሮ ጅማ ስፒከር ይተክሉ የነበሩት?»

«ነበርኩ» አልኩት። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ!

ልጁ ቢኒያም ይባላል፤ የሚደውለው ከሚዛን ተፈሪ ነው። የአንድ ሕንፃ አሮጌ አምፕሊፋየር በአዲስ እንዲተካ ሥራ ተሰጥቶት፣ አሮጌው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የጅማውን ሱቃችንን ስልክ አግኝቶ፣ ከዚያ እየጠየቀ እኔ ዘንድ ደረሰ።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለኝ። «ላይኛው ፎቅ ኮርኒስ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ማይክ ተሰቅሏል። ሰው የማይደርስበት ቦታ ነው። ሽቦው ደግሞ ምድር ቤት ላሉት ስፒከሮች ብቻ ነው የሚሠራው። ስህተት ነው ብዬ ልቆርጠው ስል የምድር ቤት ሱቆች ጮኹብኝ። ለምን እንደተሰቀለ ግን እነሱም አያውቁም። ‹ከድሮም አለ› ነው የሚሉኝ።»

ምስሩን ከጭኔ ላይ አነሳሁና አስቀመጥኩት።

«እንዳትቆርጠው» አልኩት። «ጊዜ ካለህ ልንገርህ።»

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ጅማ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን፣ ለቤተ ክርስቲያንም ለመስጊድም ድምፅ ማጉያ የሚተክል ሰው ዘንድ እሠራለሁ። አለቃዬ ወገቡን ታሞ ሲተኛ የሚዛኑን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። እናቴ «ሴት ልጅ ብቻዋን መሰላል ላይ ልትንጠላጠል ሚዛን ድረስ!» ብላ ስትነጫነጭ አደረች፤ ጠዋት ግን ስንቄን ቋጥራ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችኝ።

መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም። ከቦንጋ በኋላ ጫካው ከግራም ከቀኝም እየተጠጋ ይመጣና ሰማዩን ይሸፍነዋል። ጉሙ ከመውፈሩ የተነሳ ሾፌሩ በቀትር መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው። አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ ሙዝና አናናስ በመስኮት ይገባል። ጭቃው፣ የበሰለው አናናስና የናፍጣው ሽታ አንድ ላይ ተቀላቅለው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አሉ። አምፕሊፋየሩን ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ ጣሪያ ላይ አላስጫንኩትም። እስከ ሚዛን ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ፤ እግሬ ደንዝዞ ስወርድ መቆም አቃተኝ።

የሕንፃው ባለቤት ሀጂ ነስሩ ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው፣ በጨርቅ ንግድ ጀምረው ቡና ነጋዴ የሆኑ ሰው ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ። ማጉያ ለምን እንዳስፈለጋቸው መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ነው ያስረዱኝ። ምድር ቤቱ ቡና የሚለቀምበት አዳራሽ ነው፤ ከዚያ በላይ ሱቆች፣ ከሱቆቹ በላይ ቢሮዎች፣ ከሁሉም በላይ በቆርቆሮ ሥር ካፌና የራሳቸው ክፍል። ከክፍላቸው ሳይነሱ የፈለጉትን ፎቅ መጥራት፣ ለካፌው ዘፈን መልቀቅ፣ ለሱቆቹ ማስታወቂያ መናገር ይፈልጋሉ። ያመጣሁት አምፕሊፋየር ይህን ይችላል። ሕንፃውን ዞን በሚባሉ ክፍሎች ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ማይክ ወደ ፈለጉት ዞን ብቻ ይላካል። አንዱ ፎቅ የሚሰማውን ሌላው አይሰማም።

እኔ ይህን ነገር እወደው ነበር። ግድግዳው ውስጥ ቀጫጭን ሽቦ ስዘረጋ ለቤቱ ጆሮና አፍ እያበጀሁለት ያለሁ ይመስለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ወጣትነት እንዲህ ነው፤ በብሎን ማጥበቂያም ሕልም ያሳያል።

ምድር ቤት የሚሠሩት ሴቶች የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ ይውላሉ። አንዷ በቤንችኛ ትጀምራለች፣ ሌላዋ በከፋኛ ትመልሳለች፣ ጉዳዩ ሁሉንም ሲመለከት ወደ አማርኛ ይመጣሉ። አለቃቸው እትዬ አበበች ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ሴት። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከመሰላል አስወርዳ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረበችልኝ። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ እሷ ደግሞ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ጨሞ በቅል ቀዳችልኝና የባሰ አቃጠለኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ።

«አዲሱን ቤት እንዴት አገኛችሁት?» አልኳት፣ ምላሴ ሲመለስልኝ።

«ቤቱ ጥሩ ነው። አይበርድም፣ አያፈስም» አለች። ከዚያ ኮንክሪቱን ቀና ብላ አየችው። «ግን ደንቆሮ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሕንፃው ጀርባ ባለው ግቢ፣ ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ አልጋ ላይ፣ ቡና ከነገለባው እንዲደርቅ ይሰጣል። ቡናውን ከዝናብ መጠበቅም የእነዚሁ ሴቶች ሥራ ነው። ድሮ ይሠሩበት የነበረው መጋዘን ጣሪያው ቆርቆሮ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍ ሰምተው ሮጠው ሸራውን ያለብሱታል። አዲሱ አዳራሽ ግን ከላዩ ኮንክሪት፣ ከዚያም በላይ ሌላ ኮንክሪት ነው፤ መስኮቱም ወደ መንገድ እንጂ ወደ ግቢ አያይም። ሚዛን ደግሞ አገሩ ሁሉ በጋ ሲገባ እሷ ዝናቧን አትተውም፤ ፀሐይ እያለ ድንገት ይወርዳል።

«ዝናቡ መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው የምናውቀው» አለች። «ቡናው ረጥቦ ሻገተ። ሀጂ ተቆጡ። እንደገና ከረጠበ ማስጣቱንም ለቀማውንም ቴፒ እወስደዋለሁ ብለዋል። እዚያ ሌላ ግቢ አላቸው።»

«አንድ ሰው ውጭ አታቆሙም?»

«የሚከፈለን በለቀምነው ልክ ነው። ማን ሰማይ ሲያይ ይውላል? በተራ ሞከርን፤ ተጣላን።» ቅሌን እንደገና ሞላችልኝና «እኔ ቴፒ ቤት የለኝም። ልጆቼ እዚህ ነው የሚማሩት» አለች።

በጣም አሳዘነችኝ። ቢሆንም ነገሩ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም። ጎደሬዬን ጨርሼ፣ አመስግኜ፣ ወደ መሰላሌ ተመለስኩ።

በሕንፃው ምርቃት ዋዜማ ሽቦው ሁሉ አለቀ፤ የቀረው እያንዳንዱን ዞን መፈተሽ ነው። ሀጂ ማይክ ይወዱ ስለነበር ክፍላቸው ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ ማይኩን ወደ ምድር ቤት ብቻ መርቼ «እኔ ወርጄ እስክሰማ ይናገሩ» አልኳቸው።

«ምን ልበል ልጄ?»

«ደስ ያለዎትን።»

ስወርድ ድምፃቸው አዳራሹን ሞልቶት አገኘሁት። የምርቃቱን ንግግር በሴቶቹ ላይ እየተለማመዱ ነበር። «የተከበራችሁ እንግዶች፣ ይህ ቤት የላቤ ውጤት ነው፣ ወላሂ!» ይላሉ፣ ይጠፋቸዋል፣ እንደገና «የተከበራችሁ እንግዶች» ይላሉ። ሴቶቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። ለካ የከሰዓቱ የአስር ሰላት ደርሶባቸው፣ ማይኩን እንደተከፈተ ትተው ለውዱእ እጅና እግራቸውን ሊታጠቡ ወጥተዋል።

ማዕዘን ላይ ያለውን ስፒከር ላስተካክል መሰላል ላይ ወጣሁ። ሴቶቹም ወደ ለቀማቸው ተመለሱ። ያኔ ስፒከሩ ውስጥ ጠቅ የሚል ነገር ሰማሁ። ጠቅ፣ ጠቅ። ጥቂት ቆይቶ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። የሆነ ቦታ ሽቦ በደንብ ሳልገጥም ቀርቻለሁ ብዬ አሰብኩ። ብሎን ማጥበቂያዬን አውጥቼ የስፒከሩን ክዳን መፍታት ጀመርኩ።

ከበታቼ እትዬ አበበች ቀና አለች። እጇ ላይ ያለው ፍሬ ተበተነ።

«ቡናው!»

ሁሉም በአንዴ ተነሱ። ወንፊቱ ተገለበጠ፣ ነጠላው መሬት ላይ ቀረ፣ አዳራሹ በቅጽበት ባዶ ሆነ። እኔ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ከመሰላል ወርጄ ተከተልኳቸው። ግቢው ውስጥ ገና ፀሐይ ነበር። ጠብታዎቹ እዚህም እዚያም ይወድቃሉ፤ ሴቶቹ ሸራውን በሁለት በሁለት ይዘው ከአልጋ አልጋ ይሮጣሉ። እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩ። የመጨረሻውን አልጋ ሸፍነን ስንጨርስ ሰማዩ ተከፈተና ያለ ርኅራኄ ዘነበብን። ማንም ወደ ቤት አልገባም። በስብሰን ቆመን ውሃው ሸራው ላይ ሲንኳለል አየን።

ሀጂ በእርጥብ እግራቸው፣ ሱሪያቸውን እንደሰበሰቡ እየሮጡ ደረሱ። ቡናው ተሸፍኖ ሲያዩ ቆሙ።

«ማን ነገራችሁ?»

እትዬ አበበች ወደ አዳራሹ ጠቆመች። «ቤቱ።»

ያኔ ነው የገባኝ። የሀጂ ክፍል ኮርኒሱ ገና አልተገጠመም ነበር፤ የረሱት ማይክ ቆርቆሮው ላይ የሚያርፈውን ጠብታ እየለቀመ ወደ ምድር ቤት ሲያወርደው ነበር። አፍሬ «ይቅርታ ሀጂ፣ ማይኩ ተከፍቶ ቀርቶ ነው፣ ሁለተኛ እንዳይሰማ አደርገዋለሁ» ስል እትዬ አበበች ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«እንዳትነኪው!»

ሀጂ ግን አልተስማሙም። «ነገ ከጅማ እንግዳ ይመጣል። በአዲስ ቤት ውስጥ ስፒከር ሲንጫጫ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ነስሩ ርካሽ ዕቃ ገዛ ነው የሚሉት!»

«ለዚህ ብቻ የሚሆን ትንሽ ማይክ ከቆርቆሮው ሥር ልስቀል» አልኳቸው። «ከምድር ቤት በቀር የትም አይሰማም። ካልፈለጉት ነገ ማታ አወርደዋለሁ።»

እትዬ አበበችን አዩዋት። ከቀሚሷ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። «እስከ ነገ ብቻ» ብለው ሄዱ።

የምድር ቤቱ አዳራሽ ሰፊ ስለነበር ምርቃቱ እዚያው ሆነ። እንግዶቹ ፊት ወንበር ላይ፣ ለቃሚዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከኋላ ተቀመጡ። ሀጂ በነጭ ጀለቢያ ተነስተው «የተከበራችሁ እንግዶች፣ ይህ ቤት…» ብለው ሳይጨርሱ ከራሳቸው በላይ ያለው ስፒከር ጠቅ አለ። ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። ከኋላ ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሴቶቹ የክት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተፈተለኩ። እንግዶቹ እሳት የተነሳ መስሏቸው ብድግ ብድግ አሉ። ሀጂ ስፒከሩን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ማይኩን እጄ ላይ አስጨብጠውኝ በጀለቢያቸው እየሮጡ ተከተሏቸው።

ከግቢ ሲመለሱ ጀለቢያው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኗል። ንግግራቸውን አልቀጠሉም። «ብሉ» አሉ እንግዶቹን፣ እየሳቁ። የቴፒን ነገር ከዚያ በኋላ ሲያነሱ ማንም አልሰማም። ማይኩን ላውርደው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «የቱን ማይክ?» አሉኝ። ከዓመታት በኋላ ለጥገና ስሄድ እትዬ አበበች እዚያው ምድር ቤት ነበረች፤ ትልቋ ልጇ መምህር ሆና ነበር። ያን ቀንም ጎደሬ አበላችኝ፤ ዳጣው ግን ለእኔ ተብሎ ቀለል ያለ ነበር።

ቢኒያም ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ግቢው አሁን መኪና ማቆሚያ እንደሆነ፣ ቡና የሚባል እዚያ እንደሌለ፣ ምድር ቤቱም ልብስና ጫማ የሚሸጡ ሱቆች እንደሆነ ነገረኝ። «ስፒከሩ ሲንጣጣ ውጭ የሰቀሉትን ልብስ ሮጠው ያስገባሉ» አለኝ። «‹ዝናባችንን አትንካ› ብለው የጮኹብኝ ለካ ለዚህ ነው።» ሳቅኩ። ትንሽም አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሀጂም የሉም፣ አለቃዬም የለም።

ትናንት እንደገና ምስር እየለቀምኩ ሳለ ደወለ። «አዲሱን ገጥሜዋለሁ። ማይኩም አለ። ያዳምጡ» አለና ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠጋው።

መጀመሪያ የሰው ጫጫታ፣ የሞተር ድምፅ። ከዚያ ጠቅ። ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ሚዛን ዝናቧን ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ለቀቀችው።

ምስሩ ከጭኔ ላይ ተበተነ። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም፤ አዳማ ፀሐይ ላይ፣ ባዶ እግሬን፣ ግቢው መሃል ቆሜ ነበር። ባለቤቴ በድንጋጤ ከቤት ወጣ።

«ምን ሆነሽ ነው? ምን ብለሽ ነው የጮህሽው?»

«ቡናው» አልኩት።