የአቶ ልክ ዘለላ

አናጢውን ሰፈሩ "አቶ ልክ" ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው አንድም የሠሩት በር ሲዘጋ ነፋስ ስለማያሳልፍ፣ አንድም በክርክር መሃል "ልክ ነኝ" ሳይሉ ስለማይቀመጡ ነው። ሜትራቸውን ደጋግመው ይዘረጋሉ፤ ሰው ግን ፈጽሞ አይጠይቁም። ባለቤታቸው "የሱ አፍ ለጥያቄ አልተፈጠረም" ይላሉ።

ከልጃቸው ጋር ያቀያየማቸውም ይኸው አፍ ነው። ልጅቷ ስለ ሰማይ አካላት ተምራ የተመረቀች ዕለት፣ እንግዳ በሞላበት ሳሎን "ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኳት ኮከብ ቆጣሪ ልትሆንልኝ ኖሯል" ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት። ተማርኩ ያለች ልጅ በገዛ አባቷ ቤት ጠንቋይ ተባለች። ብዙም ሳትቆይ ቤት ተከራይታ ወጣች፤ ሰላምታዋም በእናቷ በኩል ብቻ ይደርሳቸው ጀመር። እሑድ ምሳ ላይ አቶ ልክ ባዶ ወንበሯን እንዳላዩ ያልፉታል እንጂ ሌላ ሰው አያስቀምጡበትም።

እናም የምትሠራበት የሳይንስ አዳራሽ የትልቅ ጋላክሲ ሞዴል በእንጨት ሊያሠራ ፈልጎ፣ እሷ ራሷ መልእክት ስትልክላቸው ልባቸው ዘለለ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ "መሃሉ ላይ ጥቁር ጉድጓድ፣ ዙሪያውን ራቅ ራቅ ብለው ብዙ ዘለላዎች" ይላል። ይህን ካበላሹ ልጃቸው እንደራቀች እንደምትቀር ገብቷቸዋል። ዘለላ ሰማይ ላይ ምን ይሠራል የሚል ሐሳብ ሽው ብሎባቸው ነበር። መጠየቅ ግን ሞት ነው፤ ያውም ያፌዙባትን ልጅ። ዘለላ ያው ዘለላ ነው ብለው መሮአቸውን አነሱ።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ውስጥ ጨርቁን ገለጥ አደረጉ። መሃሉ ተቦርቡሮ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ዙሪያውን ከነቅጠሉ፣ ከነሐረጉ የወይን ዘለላ ተንዠርግጓል። ፍሬው ቢነኩት የሚፈርጥ ይመስላል። የአዳራሹ ኃላፊ መነጽሩን ወልውሎ እንደገና ካየ በኋላ፣ ይሄ ወይን ነው ወይ ብሎ ልጅቷን ጠየቃት።

ልጅቷ አልሳቀችም። አቶ ልክን ያስፈራቸው እሱ ነው። ወደ ጥግ ወስዳ አስቀመጠቻቸውና፣ ዘለላ የሚሉት እልፍ አእላፍ ሆነው እንደ ወይን ፍሬ የተጠጋጉ ኮከቦችን እንደሆነ ነገረቻቸው። ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ ከአፋቸው የወጣው ነገር ራሳቸውንም አስደነገጣቸው።

"ጉድጓዱና ዘለላው ምን አገናኛቸው?"

የልጅቷ ፊት ፈታ አለ። ጥቁር ጉድጓድ የሚባለው ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ከባድ ነገር ነው አለቻቸው። የእሷ ሥራ በየጋላክሲው ዙሪያ ያሉትን ዘለላዎች ከፎቶግራፍ ላይ መቁጠር ነው። በትልልቆቹ ጋላክሲዎች ዘለላው በበዛ ቁጥር መሃል ያለው ጉድጓድም ከብዶ ይገኛል። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ ዘለላዎች ዳር ስለሆኑ የጉድጓዱ ጉልበት እዚህ ግባ በሚባል መጠን አይደርስባቸውም።

"ታዲያ ሳይነካኩ እንዴት አብረው ያድጋሉ?"

"አንድ ቤት ስላደጉ ይመስለናል አባዬ። ጋላክሲ የሚተልቀው ሌሎች ጋላክሲዎችን እየቀላቀለ ነው። ያው መቀላቀል ጉድጓዱንም ያሳድጋል፣ ዘለላም ይጨምራል። ምንም ያህል ቢራራቁ ያሳደጋቸው አንድ ነው።"

አቶ ልክ ጉድጓዱን ትክ ብለው አዩት።

"እኔ ያን ቀን ልክ አልነበርኩም" አሉ።

ልጅቷ ከመሣሪያ ሣጥናቸው ብርጭቆ ወረቀት አውጥታ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። እሳቸው ቅጠሉንና ሐረጉን በመሮ ላጩት፣ እሷ አለሰለሰችው። የቀረው ፍሬ ነጭ ሲቀባ ቁርጥ የኮከብ ዘለላ ሆነ።

አዳራሹ ለሕዝብ የተከፈተ ዕለት አንዲት ጎብኚ፣ እዚያ ቆማ የምታስረዳው ማን ናት ብላ አቶ ልክን ጠየቀቻቸው። ኮታቸውን አስተካከሉ።

"ልጄ ናት" አሉ። "ኮከብ ቆጣሪ ናት።"

ከወዲያ በኩል የሚያውቁት ሳቅ ተሰማ። ልጅቷ ሰዉን እየከፈለች መጥታ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አለች።

"እሑድ ምሳ ምንድን ነው?"

"እናትሽን ልጠይቃት" አሉ አቶ ልክ።